ከአርባ ዓመት ወይን

ጥር 15 ቀን 2017፣ ሐሙስ

ትናንት የሃብታሙ አርባ ነበር። ዛሬ ጠዋት ዕድሩ ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ።

ሰው ሲበላ ማየት አስጠላኝ። አንዲት ሴት፣ ስሟን አልጽፍም፣ እንጀራዋን እየጠቀለለች «ሽሮው ጨው በዝቶበታል» አለች። በልጄ አርባ ላይ ተቀምጣ ጨው ትለካለች። አጠገቧ ያለችው ደግሞ ያልሰማኋት መስሏት፣ «ጠጥቶ ነው አሉ። በርሜል ሥር ነው የተገኘው» አለች። «አይ እናት!» አለች ጨው የለካችው። ከዚያ ሁለቱም ሽሮ አስጨመሩ።

ልጄ አይጠጣም ነበር። ወይን ጠጅ የሚሠራ ሰው አይጠጣም ብል ማን ያምነኛል? ይቀምስና ይተፋል። መትፊያ ቆርቆሮ ነበረው። ያ ቆርቆሮ ያስጠላኝ ስለነበር አንድ ቀን አውጥቼ ጣልኩበት። ምንም ሳይል ሌላ አመጣ።

ሐኪሙ የነገረኝን ለእያንዳንዱ ለቀስተኛ ስናገር አልኖርም። ወይኑ ሲፈላ የሚያወጣው አየር ዕቃ ቤቱን ሞልቶት ነበር። ሊያማስል ሲገባ አፈነው። «ይህ አየር ሽታ የለውም፣ ሰው አያውቀውም» አለኝ። ሽታ የለውም ሲለኝ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ግቢው በሙሉ ይሸት የለም እንዴ!

ደክሞኛል። እጄም ቀርፋፋ ነው። ይኸን ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀሁ።


ጥር 19፣ ሰኞ

ሱቅ ከፈትኩ። ከአንዋር መስጊድ ዝቅ ብሎ ነው ሱቄ፣ ጌሾና ዘቢብ እሸጣለሁ። የራህማ የቅመም ሱቅ ከጎኔ ነው፣ የሚለየን ቆርቆሮ ብቻ ነው። ሳልመጣ በሬን ጠርጋ፣ ውኃ ረጭታ ጠበቀችኝ። አላጽናናችኝም። ጥሩ አደረገች።

አንድ ደንበኛ «ነፍስ ይማር፣ ዘቢቡ ስንት ገባ?» አለኝ። በአንድ ትንፋሽ።

ከሰዓት በኋላ ማሙሸት መጣ። የሃብታሙ የልጅነት ጓደኛ ነው፣ ተክለ ሃይማኖት አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደጉት። ወይኑን የጀመሩት አብረው ነው። ሃብታሙ ይሠራል፣ እሱ ይሸጣል፣ ፈቃዱም በእሱ ስም ነው። ፀጉሩን በቅባት አብርቶታል። የእኔ ልጅ አፈር ውስጥ ነው፣ የዚህ ፀጉር ያብረቀርቃል።

«ማዘር፣ ወይኑ ደህና ነው። የሚቀጥለው ወር ጠርሙስ ውስጥ ካስገባነው ለፋሲካ ይደርሳል።»

«ወስደህ ድፋው» አልኩት።

«ማዘር፣ አትበይ እንዲህ። የሃቡ ሥራ ነው። ደግሞ ጋሼ ፈለቀ መልስ ይፈልጋል።»

ማዘር የሚለው ቃል ያቅለሸልሸኛል። እናት የሚባል ቃል እያለ።


ጥር 29፣ ሐሙስ

ጋሼ ፈለቀ ራሱ ሱቄ ድረስ መጣ። ከዱከም ወጣ ብሎ ነው መሬቱ። በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻ ሠራተኛ ሳለ የወይን ቁራጭ ተሸክሞ እየመጣ ተከለ፣ ያ ወይን ዛሬ አርባ ዓመት ሞልቶታል። ሃብታሙ ሦስት ዓመት የተከራየው ከእሱ ነበር። ጉልበቱን እያሸ ጌሾው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። እጁ ላይ የተጠቀለለ ፌስታል ይዟል።

«ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን ጋሼ። ምን ሊገዙ ነው መርካቶ የወረዱት?»

ፌስታሉን ወደ ጉያው ሳበው። «ዘር ነው።»

«የምን?»

«የሽንኩርት» አለ፣ አፍሮ።

ገባኝ። ለቅሶ ደርሶኝ ሲያበቃ የልጄን ወይን ነቅሎ ሽንኩርት ሊተክል ነው። ላባርረው ነበር። ግን ሲናገር ሰማሁት፣ ምክንያቱም ነጋዴ ነኝ፣ የሚናገረው ልክ ነበር።

«ወጣት ግንድ አሥር ኪሎ ሲሰጥ የእኔው ሁለት ነው የሚሰጠኝ» አለ። «ፋብሪካው በኪሎ ነው የሚገዛ። ጣዕም ሚዛን ላይ አይወጣም። ልጅዎ ብቻ ነው ሁለቱን ኪሎ በአሥሩ ዋጋ የወሰደልኝ። አሁን እሱ የለም። ሽንኩርት በዓመት ሦስቴ ይነሳል፣ ልጆቼ ጠዋት ማታ ይጨቀጭቁኛል። እኔ በእጄ የተከልኩት ነው፣ መንቀሉን የምወድ አይምሰልዎ።»

«እስከ መቼ ይጠብቁኛል?»

«ችግኙ እስኪደርስ። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ። ከዚያ ወዲያ ልጆቼ እኔንም አይጠብቁኝ።»

ሃብታሙ ይህንኑ ነበር የሚያስረዳኝ፣ ልብ ብዬ አልሰማሁትም። የአሮጌው ሥር ሩቅ ወርዷል፣ ፍሬው ትንሽ ነው፣ ውኃ የለበትም ይለኝ ነበር። «እማ፣ ወጣቱ ግንድ ዝም ብሎ ይቀባጥራል። አሮጌው ጥቂት ነው የሚናገረው።» እኔ ደግሞ «ጥቂቱን ማን ይገዛሃል?» ስለው ይስቃል። «ለዚህ እኮ ነው ስቲከር የማሠራው።»

ስቲከሩ ታትሞ የደረሰው ሊሞት አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ካርቶኑ አልጋው ሥር ነው ያለው። ከመሬት የወጣ ወፍራም ጠማማ ግንድ ተስሎበታል፣ ከሥሩ «ከአርባ ዓመት ወይን» ይላል።

ጋሼ ፈለቀ ሲሄድ ዘቢብ ቋጠርኩለት። ሽንኩርቱ አናቱ ላይ ይብቀልበት እያልኩ ነው የቋጠርኩለት።


የካቲት 3፣ ሰኞ

ድፋው ያልኩትን ትቼዋለሁ፣ ዛሬ ወይኑ ጠርሙስ ውስጥ ተሞላ። ማሙሸት ሁለት ሰዎች ይዞ መጣ። ዕቃ ቤቱ ሃብታሙ ከሞተበት ቀን ወዲህ ለእኔ አልተከፈተም ነበር።

ወለሉ ይጣበቃል። ጫማዬ በየእርምጃው ይላጣል። በርሜሉ ሥር የረጋው አተላ የበሰበሰ ሥጋ ቀለም አለው። ትንንሾቹ ዝንቦች አፌ ውስጥ ገቡ። ይህ ሽታ ነው ከኅዳር ጀምሮ መኝታ ቤቴ ድረስ ይገባ የነበረው፣ ልብሴ ላይ፣ እንጀራው ላይ። የቤተ ክርስቲያን ነጠላዬ ሳይቀር ጠጅ ቤት የዋለ ይመስል ነበር። ተቆጥቼ ነበር። ማን አይቆጣም? ማንኛዋም ሴት ትቆጣ ነበር።

ፖሊሱ በዚያን ቀን «በሩ ተዘግቶ ነው የተገኘው፣ ማን ዘጋው?» ብሎኛል። «ነፋስ ይሆናል» አልኩት። ጻፈው።

ሃብታሙ ታዛዥ ልጅ ነበር። ያሉትን ያደርጋል።

ጠርሙሶቹ ከስድስት መቶ በላይ ሆኑ። እጄ ሐምራዊ ሆኗል። በሳሙና ቢታጠብ፣ በሎሚ ቢታሽ አይለቅም።


የካቲት 7፣ ዓርብ

የጁምዓ ሰጋጆች መንገዱን ሞልተውት ነበር፣ ምንጣፉ እስከ ሱቄ ደጃፍ ደርሷል። እስኪጨርሱ ማንም አይንቀሳቀስም። በዚያ መሐል ማሙሸት ከጌሾው ጀርባ ከአንድ የሆቴል ግዢ ኃላፊ ጋር ተቀምጧል። ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎታል። ይህችን ያህል አፍሯል።

ሰውዬው አፉን እንደ ከብት እያመነዠከ ቀመሰ። ከንፈሩን ላሰ። ጢሙ ላይ የቀረችውን ጠብታ በጣቱ ጠረገና ጣቱንም ላሰ።

«አርባ ዓመት!» አለ። «አርባ ዓመት እንዲህ ጠብቆ!»

ማሙሸት ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል እኮ።»

«በማን እጅ ቆየ?»

«በቤተሰብ» አለ ማሙሸት።

ጋሼ ፈለቀን ማለቱ መሰለኝ። ሰውዬው የጠራው ዋጋ ደግሞ ጆሮዬን አቃጨለው። በዚያ ዋጋ ሁሉም ከተሸጠ የመሬቱ የሁለት ዓመት ኪራይ ይወጣል፣ ይተርፋልም። ሽንኩርቱን ጋሼ ፈለቀ ለጎረቤቱ ይሽጠው አልኩ በሆዴ። ሃብታሙ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠገብኩ መሰለኝ።


የካቲት 16፣ እሑድ፣ ቅበላ

ልጽፈው አልፈልግም ነበር።

ትናንት ከሱቄ ፊት ለፊት ፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው ዘይኑዲን፣ ሰው ሰብስቦ ማሳቅ የሚወድ ልጅ ነው፣ ጠራኝ።

«እትዬ በለጥሻቸው፣ ሃብታሙ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሃያ ስምንት። ምነው?»

«ታዲያ የአርባ ዓመቱን ወይን ማን ጠመቀው? ሳይወለድ ነው የጀመረው?»

ተሳሳቁ። አንዱ ወዛደር ጭነቱን እንደተሸከመ ከኋላ «አይ፣ ተሳስታችኋል፣ ያ የአርባው ነው! ከተዝካሩ የተረፈ!» አለ። ይበልጥ ተሳሳቁ። ዘይኑዲን እሱ እንኳ ደነገጠ። «አንተ፣ አፍህን!» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ቀልድ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

የገባኝ ያኔ ነው። ወይን ፍሬውም ነው፣ ተክሉም ነው፣ መጠጡም ነው። ልጄ ተክሉን ብሎ ጻፈ፣ ሰው መጠጡን ብሎ ያነባል። ያ ጢሙን የሚልስ ሰውዬ የሚገዛው አርባ ዓመት የተቀመጠ ወይን ጠጅ ነው። የኅዳር ወይን ነው እኮ! ገና ሦስት ወሩ ነው!

ሰካራም ብለውት ነበር። አሁን አጭበርባሪ ተጨመረበት።

ጾሙ ነገ ይገባል። ዛሬ ሥጋ በየቤቱ ይጠበሳል፣ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። አልበላሁም።


የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ማሙሸትን ቤት ጠራሁት።

«ታውቃለህ አይደል ምን ብሎ እንደሚገዛህ?»

«ማዘር፣ እኔ ምን ዋሸሁ? ስቲከሩን የጻፈው ሃቡ ነው። አንዲት ፊደል አልጨመርኩም።»

«መጨመር ነበረብሃ!»

«ዝም ማለት ውሸት ነው እንዴ?» እጁን ዘረጋ። «ተይ እስቲ እንነጋገር። እውነቱን ብነግረው የተራ ወይን ዋጋ ነው የሚሰጠኝ። በተራ ወይን ዋጋ ፈለቀ የግማሹን መሬት ኪራይ አያገኝም። ይነቅለዋል። ሰው ጣዕም አይገዛም ማዘር፣ ዕድሜ ነው የሚገዛው። ወይኑ እንዲተርፍ ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

ከዚያ የባሰውን ተናገረ።

«ደግሞ ሃቡ ይህን አያውቅም ነበር ብለሽ ነው?»

ከቤቴ ውጣ አልኩት። ወጣ። ግን ያለው ነገር አልወጣም።

እስካሁን ያላስታወስኩትን አስታወሰኝ። ሃብታሙ ስቲከሩን ሲያሠራ «እማ፣ ወይን ሲሉሽ ምን ይታይሻል?» ብሎኝ ነበር። «ዘቢብ» አልኩት። ሳቀ፣ ግንባሬን ሳመኝ። «ለአንቺ ብቻ ነው» አለኝ። ምን ማለቱ ነበር? ሌላው ሰው ምን እንደሚታየው ያውቅ ነበር ማለት ነው? ግንዱን የሳለው ለዚህ ነው ወይስ እንዲያው ስላማረው?

በሞተ ልጇ ላይ እንዲህ የምታስብ እናት ታስጠላለች።


መጋቢት 4፣ ሐሙስ

እኔ ሁዳዴ፣ ራህማ ረመዳን። ሁለታችንም ባዶ ሆድ፣ ሁለታችንም ቁጡ። ደንበኛ ሲከራከር በቆርቆሮው ቀዳዳ እንተያያለን።

ነገርኳት። ሻሿን አስተካከለች።

«በለጤ፣ ስለ መጠጥ እኔን አትጠይቂኝ። ሐራም ነው፣ አላውቅም» አለች። «ስለ በርበሬ ግን ጠይቂኝ። ያ የጡብ ዱቄት እየቀላቀለ የሚሸጠው ሰውዬ ትዝ ይልሻል? አንድ ቀን ንጹሕ ነው ብሎ አያውቅም። ሰዉ አይጠይቀውም፣ እሱም አይናገርም። ሲይዙትም ያለው ይህንኑ ነው፣ መች ንጹሕ ነው አልኳችሁ አለ።»

«ወይኑ ግን ንጹሕ ነው ራህማ። ከተራው ይበልጣል።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«አይገዙማ!»

«እህ» አለች። ከዚያ ቁንዶ በርበሬ እየለቀመች፣ ለራሷ እንደሚናገር ሰው፣ «እንዲያው ያ በር ክፍት ሆኖ ቢሆን ኖሮ…» አለች።

ዘቢብ ልመዝን ተነሳሁ። የሚመዘን ዘቢብ አልነበረም።


መጋቢት 12፣ ዓርብ

አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጎድለው። ግንድ። «ከአርባ ዓመት ወይን ግንድ»። በቃ። ወይኑ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሳይሆን እናቱ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ይናገራል።

ሃብታሙ ያውቅ ነበር አያውቅም ነበር፣ ከእንግዲህ ልጠይቀው አልችልም። ካላወቀ አርምለታለሁ። ካወቀም አርምለታለሁ። ልጇ ፊደል ሲገድፍ የምታርም እናት ነኝ፣ ምን አዲስ ነገር አለው?

የማይለቅ ጥቁር እስክሪብቶ ገዛሁ። የመጀመሪያዋ ጠርሙስ ላይ «ግ» ጠመመች። ሁለተኛዋ ላይ «ድ» ከስቲከሩ ወጣች። የተማርኩት ማታ ማታ በመሠረተ ትምህርት ነው፣ አስተማሪያችን እጅሽ ወፍጮ ነው የለመደው ይለኝ ነበር። ሃያ ጽፌ ጣቴ ደነዘዘ።


መጋቢት 21፣ እሑድ

ዒድ ነው። ራህማ ጾም መሆኔን ስለምታውቅ ቴምር ብቻ ላከችልኝ። የላከችው በዘይኑዲን ነው። በሩ ላይ ቆሞ ጠርሙሶቹን አየ።

«እትዬ፣ ይህ ሁሉ በእጅ ነው እንዴ? ማኅተም ያስቀርጹበት እንጂ!»

«አንተ ሳቅህን አትጨርስም፣ እኔ ግን ይኸን በእጄ እጨርሳለሁ።»

አንገቱን ደፋ። «የዚያን ቀን ነገር…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ካርቶን ደርድሮልኝ ሄደ።

ግንድ ግንድ ግንድ ግንድ። ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል።


መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ማሙሸት ካርቶኑን ሳይከፍት አስረክቦ ነበር፣ ሆቴሉ ሁሉንም መለሰ።

የግዢ ኃላፊው ራሱ አብሮ መጣ፣ ማሙሸት ከኋላው እንደ ተቀጣ ልጅ። ጠርሙሱን ከአፍንጫዬ ፊት አቆመው።

«ይህ ምንድን ነው? ግንድ? እንጨት ነው እንዴ የምትሸጡልኝ?»

«ግንዱ አርባ ዓመቱ ነው። ወይኑ የኅዳር ነው» አልኩት። «ልጄ ነው የሠራው። የሞተውም ሲሠራው ነው። ሰክሮ አይደለም።»

ለምን ይህን እንደጨመርኩ አላውቅም። ሰውዬው ወዲያ ወዲህ አየ። «እግዜር ያጽናዎት» አለ፣ «ግን እኔ የጠየቅሁት አሮጌ ወይን ነበር።»

«አሮጌ ወይን እኮ ነው የሰጠሁህ!» አልኩት። ሁለታችንም ልክ ነበርን፣ ሁለታችንም አልተግባባንም።

ያኔ ግን ጣዕሙን አመስግኖ ነበር እኮ! ከንፈሩን ልሶለት ነበር። ያው ወይን ነው፣ ያችው ጠርሙስ። የላሰው ዕድሜውን ኖሯል።

ማሙሸት ሰውዬው እንደሄደ ካርቶኑን በእግሩ ገፋው። «ደስ አለሽ? ፈለቀ ይንቀለው። በአንድ ቃል ቀበርሽው።»

ቀበርሽው አለኝ። ወይኑን ማለቱ ነው። ወይኑን ነው።


ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ችርቻሮ። ተክለ ሃይማኖት ዙሪያ ያሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ሁለትም ሦስትም ይወስዳሉ። ለፋሲካ ነው፣ በተራ ወይን ዋጋ። ማሙሸት ሦስት ቀን አኩርፎ ተመለሰ። ጋሪ ተከራይቶ ያዞራል። ፀጉሩን መቀባት ረስቷል።

ዛሬ አንዲት ባለ ምግብ ቤት ስታከራክረው ሰማሁ።

«ግንድ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ተክሉ ሽማግሌ ነው፣ ፍሬው ጥቂት ነው፣ ስለዚህ…» ቆም አለ። «ጓደኛዬ ነበር በደንብ የሚያስረዳው። ጥቂት ነው የሚናገረው ይል ነበር።»

ሴትዮዋ አምስት ወሰደች።

ጋሪውን ይዞ ዞር ሲል ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ላብ ነው አልኩ። ፀሐይ አልነበረም።


ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ስግደት። ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ፣ እንደምንም ሰገድኩ።

ጧፍ ሳበራ አባቴ ትዝ አለኝ። በልጅነቴ አገራችን የእህል ጉድጓድ ሲከፈት አባቴ ዘሎ አይገባም። መጀመሪያ የበራ ጧፍ በገመድ ያወርዳል። ጧፉ ከጠፋ ያን ቀን ማንም አይገባም፣ አፉ ተከፍቶ ይውላል ያድራል። አየሩ ይታፈንበታል ይል ነበር። እኛ ልጆቹ ከዳር ሆነን ጧፉን እናይ ነበር። ስለ እህል ነበር የሚናገረው። ስለ ወይን ማን ነገረኝ?

ማንም አልነገረኝም።


ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ፋሲካ አለፈ። ዶሮ ሠርቼ ለጎረቤት አከፋፈልኩ። እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፣ ሽንኩርት እንዲህ አስጠልቶኝ አያውቅም።

የቀሩት ጥቂት ጠርሙሶች ናቸው። አንዱን ከፈትኩ። በሕይወቴ ቀምሼው አላውቅም ነበር። የሃብታሙን ቆርቆሮ አመጣሁ፣ ሁለተኛውን፣ ያልጣልኩትን። አፌ ውስጥ ያዝኩት። መጀመሪያ ኮመጠጠኝ፣ ቀጥሎ ዝናብ የነካው መሬት ሆነ፣ ከዚያ ምላሴ ላይ ዘቢብ ቀረ።

ዘቢብ። ለአንቺ ብቻ ነው ያለኝ።

ተፋሁት። እሱ እንደሚተፋው፣ ጎንበስ ብዬ።


ሚያዝያ 19፣ ዳግማይ ትንሣኤ

ከማሙሸት ጋር ዱከም ሄድን። የጋሼ ፈለቀ ልጆች ዶማቸውን ይዘው ቆመዋል። የሽንኩርቱ ችግኝ መደቡ ላይ አረንጓዴ ሆኗል፣ እንደ ተንኮለኛ ልጅ ቀጥ ብሎ ይጠብቃል።

ያለንን ነገርኩት። የመላ መሬቱን አይከፍልም፣ ግማሹንም አይከፍልም።

«አራት ረድፍ ያህል ነው የሚሆነው» አለ ጋሼ ፈለቀ። አፈሩን እያየ ነው የሚናገረው። «የትኞቹን ልተውልዎ?»

«ሃብታሙ የሚወዳቸው የትኞቹን ነበር?»

«እሱማ ሁሉንም ነው የሚወደው። እየዞረ እንዴት አደራችሁ ይላቸው ነበር፣ ልጆቼ ይስቁበታል።» ትንሽ አሰበ። «ላይኞቹን ይውሰዱ። ድንጋይ ነው፣ ውኃም አይወጣላቸው። ሽንኩርት እዚያ አይሆንም፣ ስለዚህ ልጆቼ ዓይናቸውን አይጥሉባቸው። ከርሞም ይቆዩልዎታል።»

«ፍሬያቸውስ?»

«ከሁሉ ያነሰ» አለ። «ከሁሉ የሚሻል።»

እኛ እዚያው ቆመን ሳለ የታችኞቹን መንቀል ጀመሩ። አርባ ዓመት የወረደ ሥር በቀላሉ አይወጣም። ልጆቹ ይሳደቡ ነበር። ጋሼ ፈለቀ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ከልጆቹ አንዱ «እማማ፣ ለማገዶ ትንሽ ይዘው ይሄዳሉ?» አለኝ። ደግነቱ ነው። ከአጥሩ ጀርባ ሄጄ አስታወክሁ፣ ማሙሸት ግንባሬን ያዘልኝ።

ስንመለስ ታክሲው ቃሊቲ ሲደርስ፣

«እማዬ» አለኝ። «የሚመጣውን ኅዳር የት ነው የምናፈላው?»

«እዚያው» አልኩት።

አየኝ። ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።


ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

ጠዋት አናጢ አመጣሁ። የዕቃ ቤቱን በር ከነማጠፊያው አስነቀልኩት። ወዲያው ከምናለሽ ተራ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰውዬ ጠራሁ።

ሰውዬው በሩን አንኳኳው፣ ገለበጠው፣ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰው።

«እናቴ፣ ይህ ደህና በር ነው እኮ። ምኑ ተበላሽቶ ነው የምትሸጪው?»

«ምንም አልተበላሸም» አልኩት። «በደንብ ይዘጋል።»

ጀርባው ላይ ጭኖት ሄደ። በግቢው በር ሲወጣ አንድ ጊዜ ገጭ አለ፣ ከዚያ አልታየኝም።

ራህማ ማታ ልትጠይቀኝ መጥታ ባዶውን ደፍ አየችው። ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ አስተካክላ፣ ስለ በርበሬ ዋጋ አወራችኝ።

አሁን ነፋሱ እንደልቡ ይገባል ይወጣል። ኅዳር ላይ ይሸታል። መኝታ ቤቴ ድረስ ይገባል፣ ነጠላዬን ያበላሻል፣ ዝንቡም ይመጣል። «ዝጋው» የምለው በር ከእንግዲህ የለም።

ይሽተት።